«አረፍ በይ» የተባለችው

ነገሩን የሰማችው በልጅነቷ ነው። በልጅነት የተሰማ ነገር ደግሞ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ይቀራል፣ ቀለሙ ይሄዳል። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሚሰፋበትንና የሚተኛበትን ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሕፃን ወንድሟን ጉያዋ አድርጋ፣ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ተጋድማለች። ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት ጎረቤት፣ «አባትየው ከሄደ ወዲህ ብቻሽን እንዴት ልትሆኚ ነው?» አለች። ወይም እንዲህ ያለች ይመስላታል።

«እሷስ ምንም አትሆን» አለች እናቷ። «እሷ ጀርባ አላት። እኔስ የምፈራው ለሱ ነው። እሷ ግን…»

ከዚያ ወዲያ ያለውን የስፌት መኪናው ዋጠው። ጎረቤቲቱ ትሳቅ ታልቅስ እንኳ ዛሬ አታስታውስም። «እሷ ግን ታሳዝነኛለች» ይሆን የተባለው? «እሷ ግን ትችለዋለች» ይሆን? ግማሹን ብቻ ይዛ ቀረች፣ በያዘችው ግማሽም ኖረች። ጀርባ አላት ተብላለችና ተሸከመች።

ሕፃኑ አደገ። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነበር የሚባለው፤ ጢም አብቅሎ፣ ተምሮ፣ ከረባት ማሰር ከጀመረም በኋላ ማሙሽ ነው። እሱም እሷን እታለም ነው የሚላት፤ ሌላ ስም ያላት አይመስለውም። እሷ ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ሆነች። ትዳር አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩቶ ነበር፤ «ትንሽ ይጠብቀኝ» ስትል ሄደ። ከዚያ እናትየዋን ደም ግፊት ጣላትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተያዘ። ልጅቷ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብላ ሥራዋን ተወች። ጥቂት ጊዜ የሚባለው ነገር ሆዱ ሰፊ ነው፤ ዓመታት ገቡበትና አልሞላም።

ማሙሽ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅለት። መድኃኒት ይገዛል፣ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል። ግን ከበሩ ደፍ አያልፍም። «እንዴት ነሽ እማዬ?» ይላል ከዚያው ቆሞ፤ የእናቱን የጠመመ አፍ ሲያይ ዓይኑ እንባ ይሞላል፣ ስልኩ የጠራ አስመስሎ ይወጣል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ጭራሹን አልመጣም። ሌላ ከተማ ለጀማሪ ኩባንያዎች በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ነበር፤ የሚሠራው ሐሳብ ገና አልያዘለትም፣ ዛሬ አንዱን ይጀምራል፣ ነገ ይተወዋል። እናቱ ስታርፍ የደረሰው ለቀብር ነው።

ያን ዕለት፣ ሐዘንተኛው ወጣ ገባ ሲል፣ ወደ ጓዳ ጎትቶ ወስዷት፣ «እታለም፣ ምን አለች? አንድ ነገር አላለችም?» ብሎ ተንሰቀሰቀ። አንጀቷ አልቻለምና ነገረችው።

እናትየዋ ከወራት ወዲህ የሚሰማ ቃል አልወጣትም ነበር። ባረፈችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አንሶላ እየቀየረች ሳለ ግን በደህናው እጇ አንጓዋን ያዘቻት፤ ዓይኗን ዓይኗን አየቻትና፣ እንደ ጤነኛ ሰው አጥርታ፣ «አንቺም አረፍ በይ» አለቻት። ሌላ አልጨመረችም። አመሻሹ ላይ ነፍሷ ወጣች።

ይህን ነው የነገረችው። ሰምቶ በጣም አለቀሰ።

*

ሐዘኑ ከረም ሲል ማሙሽ የሚሠራውን አገኘ። በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ ነው፤ ስሙን «ተረኛ» አለው። ቤቱ ውስጥ በሽተኛ የተኛበት ቤተሰብ ይመዘገብበታል፤ መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን ሐኪም ዘንድ እንደሚወስድ ለእኅት ወንድሙ ያካፍላል። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮኽና «ዛሬ ተረኛው እርስዎ ነዎት» ይላል። እሷ መጀመሪያ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። «ምነው?» አላት። «ጥሩ ነው» አለች። ጥሩም ነበር።

«ነይ ከኛ ጋር ሥሪ» አላት። «ለጊዜው የሚሆን የሥራ መደብ የለም፤ ተለማማጅ ብለን እናስገባሽና ባለሀብት ስናገኝ ይስተካከላል።»

ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል። አንገቷ ላይ «ተለማማጅ» የሚል መታወቂያ አንጠልጥላ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ የሕንፃው ጥበቃ አቆማት።

«ልጅዎ ነው እዚህ የሚለማመደው፣ እናት?»

«እኔው ነኝ።»

ጥበቃው መታወቂያውን ደግሞ አነበበው። «እሰይ!» አለ። «ለካ እኔም ገና ነኝ።»

ቢሮው ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ነው፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ በወለሉ በኩል ይመጣል። ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዱ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ነው፤ በመነጽሩ ውፍረት መነጽሮ ይሉታል። ሌላዋ ሥዕልና ቀለም የምትሠራው ናት፤ እሷን ቀለሟ ይሏታል። መነጽሮ መተግበሪያውን የሚፈትነው በሌለ በሽተኛ ነው፤ ስማቸውን አያ ሙከራ ብሎ መዝግቧቸዋል። እሳቸው ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ሲውጡ ይውላሉ።

«አያ ሙከራ ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ትላለች ቀለሟ።

«ሐሙስ ሞተው ነበር፤ አርብ አስነሣኋቸው» ይላል መነጽሮ። ከታች መሰርሰሪያው ሲጀምር ደግሞ፣ «ኧረ የሰው ያለህ! አንዱን ደግሞ ያዙት።»

ተለማማጇ ትስቃለች። ቤት ውስጥ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው! ልጆቹን ወደደቻቸው፤ እነሱም «እትዬ» ብለው ወደዷት። የሚያስቸግራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ማሙሽ ማሙሽ አይባልም። ከረባት ያሰሩ እንግዶች በተቀመጡበት ብቅ ብላ «ማሙሽ፣ ምሳ በልተሃል?» ያለች ቀን እንግዶቹ ፈገግ አሉ፤ እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እታለም፣ እባክሽ። በስሜ ጥሪኝ።»

«ስምህ እኮ አፌ ላይ አይመጣም፣ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ምንም አትበይኝ።»

ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት ስትፈልገው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ሥራዋ ጋዜጠኛ መፈለግ ነበር። ስለ «ተረኛ» የሚጽፍ፣ የሚያወራ፣ ፎቶ የሚያነሣ። ማሙሽ «ካልታወቅን ባለሀብት ዞር ብሎ አያየንም» ይላል፤ እውነቱን ነው። እሷ ስልኩን ከማንሣቷ በፊት በልቧ አንዲት አጭር ጸሎት ታደርሳለች፤ ከዚያ ትደውላለች። «ጽሑፉን ላኩልን» ይሏታል። «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሏታል። «እንደውላለን» ይሏታል። «እንደውላለን» ማለት ደህና ሁኑ ማለት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ግን አትሰለችም፣ ነገም ትደውላለች። ታማሚ ያስታመመ ሰው እንቢታ አያስደነግጠውም።

አንድ ቀን፣ ጀማሪ ኩባንያዎችን እያሰለጠነ ለባለሀብቶች ፊት የሚያዘጋጅ ሰው መጣ። ማሙሽ በባለሀብቶች ፊት የሚናገረውን ይለማመዳል፤ እሷ ውኃ ትቀዳለች።

«እናታችን ታማ በነበረ ጊዜ እኅቴ ለብቻዋ አስታመመቻት…» ብሎ ጀመረ ማሙሽ።

«ቁም» አለ አሰልጣኙ። «እኅትህ ናት መድረክ ላይ የምትወጣው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እሷ ታሪኩ ውስጥ ምን ትሠራለች? ሰው አንድን ሰው ነው መከተል የሚችለው። ‹እኛ› አትበል፤ ‹እኔ› በል። ቁጥርህን ማንም አያስታውስልህም፤ እናትህን ግን ያስታውሷታል። በል፣ ከአልጋው አጠገብ ጀምር። እጇን ይዘሃል። ምን አለችህ?»

ከታች መሰርሰሪያው ጀመረ፤ መነጽሮ እንኳ አልቀለደም።

«‹አንተም አረፍ በል› አለችኝ» አለ ማሙሽ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ።

አሰልጣኙ ጭኑን መታ። «ይኸው! ይህን ደብቀህ ነው ስለ ቁጥር የምትነግረኝ?» ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበላትና፣ ማን መሆኗን ሳያውቅ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አላት።

በማግስቱ ለጋዜጠኞች የሚላከው ጽሑፍ ተለውጦ መጣላት፣ እንድታርመው። «የእናቴን እጅ እንደያዝኩ፣ ከድካሜ የተነሣ እንባዬ ሲወርድ…» ይላል። ማተሚያ ቤት የሠራች ናትና ፊደሉን አረመች፤ ሌላውን አልነካችውም። ስትመልስለት ግን፣ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ «ማሙሽ፣ ይቺ እኮ…» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት ቶሎ ብሎ። «እታለም፣ ታሪክ ነው እንጂ መሐላ አይደለም። ደግሞ ለበጎ ነው። ስንቱ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን እየወደቀ እንደሆነ አንቺ ታውቂው የለ?»

ታውቀዋለች። ስለምታውቀውም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይቺ ግን ለእሱ በቀለለች ቁጥር ለእሷ ትከብዳት ጀመር። ማሙሽ በተናገረ ቁጥር አንድ ነገር ይጨመራል፤ መጀመሪያ እንባ፣ ቀጥሎ ዝናብ፣ ቀጥሎ እናትየዋ ፈገግ አለች። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ቀለሟ ደግሞ፣ ምኑንም ሳታውቅ፣ በቢሮው ግድግዳ ላይ በሚያምር ፊደል ጻፈችው፦ «አረፍ ይበሉ፤ ተራው የሌላ ነው።» ጽፋ ስትጨርስ ወረደችና፣ «እትዬ፣ ያምራል?» አለቻት።

«ያምራል፣ ልጄ» አለች። ሽንት ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ቆየች።

*

በስንት ደጅ ጥናት አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ እሺ አለች። ጎልማሳ ናት፣ ንግግሯ ቁጥብ። ሰዎች እሑድ እሑድ የሚያዩት ፕሮግራም አላት። ማሙሽ ሲሰማ እኅቱን ከወንበሯ አንሥቶ አቀፋት፤ አንድ ትልቅ ባለሀብት ፕሮግራሙን አይቶ እንደሚወስን ነግሮታል። መነጽሮ በደስታ አያ ሙከራን አስነሥቶ አስጨፈራቸው። ጋዜጠኛዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱን ማየት። እናትየዋ ያረፈችበትን ክፍል።

ክፍሉ እንደነበረ ነው። እኅትየዋ አሁንም የምትኖረው እዚያው ቤት ነው፤ ያን ክፍል ትጠርገዋለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ለፊልሙ ስትል አልጋውን አዲስ አልጋ ልብስ አለበሰችው። ማሙሽ በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው ቀጥ አለ። ከዚያ፣ ካሜራው ከኋላው ነበርና፣ ገባ።

ካሜራማኑ ፈጣን ልጅ ነው፤ ከሳሎን ትራስ አምጥቶ በአልጋው ራስጌ አስቀመጠ፣ ወንበር ከአጠገቡ አደረገ፣ ለእሷም ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ አስያዛት። «እንዲህ ያዙልኝ፣ እትዬ። እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ።»

ማሙሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ወደ ትራሱ ዘርግቶ፣ «እዚህ ነበር የምቀመጠው» አለ። ድምፁ ያምራል፣ ብዙ ተለማምዶታል። «እጇን እንዲህ ይዣለሁ። ውጭ ይዘንባል…»

ጋዜጠኛዋ ትሰማለች፣ ዓይኗ ግን ክፍሉን ይዞራል። አልጋው ራስጌው ወደ በሩ ግድግዳ ነው። የመድኃኒትና የውኃ ማስቀመጫዋ ትንሽ ጠረጴዛ ግን ያለችው ግርጌ ነው። በግርጌው በኩል ያለው የግድግዳ ቀለም ደግሞ፣ እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ በመታሸት ብዛት ተልጧል።

«ይቅርታ» አለች፣ በሚጠይቅ እንጂ በሚያጋልጥ ድምፅ አይደለም። «መድኃኒቷ እዚያ፣ ራሷ እዚህ ነበር? እንዴት ነበር የምትተኛው?»

ማሙሽ ጠረጴዛዋን አየ። ግድግዳውን አየ። እንደማያውቀው አገር አየው። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኅቱ ዞረ፤ ፈተና ላይ ጓደኛውን እንደሚያይ ተማሪ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ጠረጴዛዋን በኋላ ነው ያዞርናት» ብትል ነገሩ ያልፋል፣ እሑድ ይመጣል፣ ባለሀብቱ ያያል። አፏን ከፈተች። አልወጣላትም።

«ራሷ በዚህ በኩል ነበር» አለች ወደ ግርጌው። «መጨረሻ ላይ አዙሬያታለሁ። በሩን ማየት ስለፈለገች።»

ነጩን ሰሌዳ ዝቅ አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ማሙሽ የዘረጋውን እጅ ከትራሱ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ባትሪውን ቀይረው» አለችው ጋዜጠኛዋ ለካሜራማኑ። እሱም ገባውና ወጣ።

እኅትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የቆሸሸ ብርጭቆ አልነበረም። ጋዜጠኛዋ ተከትላት ገባች።

«የዚያን ቀን እርስዎ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እሱስ?»

«የእሱን እሱን ይጠይቁት፣ እመቤቴ።»

ጋዜጠኛዋ አንድ ብርጭቆ አነሣችና በፎጣ ማድረቅ ጀመረች። «እዚያ መሥሪያ ቤት ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ተለማማጅ ነኝ።»

ሌላው ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይስቅ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። «ስሙኝ» አለች። «እኔ ማንንም ማዋረድ አልፈልግም። ግን ያላመንኩትን አላወጣም። ወይ እርስዎ ይንገሩኝና እንቅረጽ፤ ወይ እሱ የሆነውን እንደሆነው ይናገር። ካልሆነ ይህን የእናታችሁን ታሪክ ከፕሮግራሙ ቆርጬ አስቀረዋለሁ፤ እሱ ከቀረ ደግሞ የሚቀረው ስለ አንድ መተግበሪያ ትንሽ ወሬ ነው፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እስከ ነገ ጠዋት ደውሉልኝ።» ብርጭቆውን አስቀመጠችና ሄደች።

*

እኅትየዋ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ማሙሽ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ከረባቱን ፈትቶ እጁ ላይ ጠቅልሎታል።

«አንድ ቃል እኮ ነበር» አለ ሳያያት። «አንድ ቃል! ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም አስመሰልሽኝ።»

«እኔ አላስመሰልኩህም።»

«ለራሴ ነው የምትይው? ያ ባለሀብት ከቀረ ቢሮው ይዘጋል። መነጽሮና ቀለሟ ነገ ጠዋት የት ይሂዱ? ሁሉም በዚያ አንድ አረፍተ ነገር ላይ ነው የቆመው!»

«የኔ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«አረፍተ ነገሩ።» ድምጿ አልጮኸም፤ ግን እንደ ዱሮው ታጥፎ የሚቀመጥ ድምፅ አልነበረም። «ማሙሽ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ‹ደክሞሻል ወይ› ብሎኝ አያውቅም። አንተም አላልከኝም። አልቀየምኩህም፣ ጀርባ አላት ሲባል ሰምተህ ነው ያደግኸው። እማዬ ብቻ ናት ያለችኝ፣ እሷም አንድ ጊዜ። ሌላ የተሰጠኝ የለም። ቤቱን ስጪኝ ብትለኝ እሰጥሃለሁ። አንተ የወሰድክብኝ እሱን ነው።»

«አንቺ እኮ ነሽ የነገርሽኝ።»

«የነገርኩህ እንድትጽናና ነዋ። ግድግዳ ላይ እንድታጽፈው ነው?»

ከመንገዱ የልጆች ጨዋታ ይሰማል፤ አንዱ «አሁን የኔ ተራ ነው» እያለ ይጨቃጨቃል። ማሙሽ ጥርሱን ነከሰ፣ ከዚያ ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም።

«በሩን ማየት ፈለገች አልሽ።»

«አዎ።»

«ማንን ነበር…»

እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልትምረው ፈልጋ ነበር፤ «ሰው ሁሉ ስለሚመጣ ነው» ልትለው። ግን ዛሬ አንዴ እውነት ተናግራለችና አንደበቷ ወደ ኋላ አልመለስ አላት።

«የበሩ ማጠፊያ ይጮኽ ነበር» አለች። «በጮኸ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች። እኔ እሆናለሁ፣ ወይ ጎረቤት። ፊቷ ይወድቃል። መጀመሪያ ተውኩት፤ ድምፁን ትሰማ፣ ተስፋም ምግብ ነው ብዬ። በኋላ ግን ማየቱን አልቻልኩምና ዘይት ቀባሁት።»

ማሙሽ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ። ከረባቱን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ይህኛው ከተለማመደው ለቅሶ ጋር አይገናኝም፣ አያምርምም። እሷ ወትሮ ብትሆን ትነሣና ታቅፈው ነበር። ዛሬ አልተነሣችም። እጇን ብቻ ትከሻው ላይ አሳረፈች፣ በልቧም ፈጣሪዋን ለሁለቱም ምሕረት ለመነችው።

እንባው ሲያልቅበት፣ «እንግዲያው አንቺ ንገሪያት» አለ። «አንቺው ካሜራው ፊት ተቀመጪ። እውነቱ ይሻላል፣ ሰውም ይሰማዋል። ፕሮግራሙም አይቀርም።»

«አልችልም።»

«ለምን? ከኔ ይልቅ አንቺ…»

«መናገሩ አቅቶኝ አይደለም፤ ብናገረው ለኔ አይቀረኝም። አንተ በተናገርከው ቁጥር እያለቀብህ መጣ፣ ዝናብ ጨመርክበት። እኔ ደግሞ ብጀምር ነገ ምን እንደምጨምርበት አላውቅም። ተወኝ፣ ማሙሽ።»

የከሰዓቱ ብርሃን አልጋ ልብሱን አልፎ ወለሉ ላይ ደርሷል።

«እና ምን ላድርግ?» አለ።

«ደውልላት።»

«አንቺ ደውይላት። አንቺን ትወድሻለች፣ አይቻለሁ።»

«ለጋዜጠኛው ሁሉ ስደውል የከረምኩት እኔ ነኝ። ለዚህኛው ጉዳይ አንተ ደውል።»

«ምን ብዬ?»

«አልነበርኩም ብለህ። የእማዬንም ቃል ተይው ብለህ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እሺታም እንቢታም ያልሆነ አነቃነቅ ነው። «ፕሮግራሙ ይቀራል።»

«ይቀራል።»

«ሰውየውም ይሄዳል።»

«የሚሄድ ይሄዳል።»

«መነጽሮስ? ቀለሟስ?»

ይቺ ወጋቻት። ቀለሟ መሰላል ላይ ቆማ፣ ብሩሹን ጥርሷ ውስጥ ነክሳ ታየቻት። ለልጆቹ የምትለው አልነበራትም፤ ምን ብላ እንደምታጽናናቸውም አታውቅም። «ለእነሱ አብረን እንነግራቸዋለን» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ካጠገብህ እቆማለሁ።»

ማሙሽ ከረባቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ተነሣና ወንበሩን ከራስጌው አነሣው፣ በየት በኩል እንደሚያኖረው ሳያውቅ ይዞት ቆመ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ለራሱም የማይሰማ ያህል። «እኔው እደውልላታለሁ። አልነበርኩም እላታለሁ።»